የእማማ አደሴ ማኅደር

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ካለው የመዛግብት ማዕከል አንድ ማኅደር ጠፋ ተብሎ ወደ ጣቢያችን ተደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰው ቢደበደብ፣ ቤት ቢሰበር፣ ባጃጅ ቢሰረቅ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ። ከኮምፒውተር ውስጥ የተሰረቀ ወረቀት ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

«ሌባው በየት ገባ?» አልኩ።

«የገባ የለም» አለኝ የማዕከሉ ኃላፊ። «ማኅደሩ ብቻ የለም።»

ያ ወር ሁለቱ ጾሞች የተገናኙበት ነበር። እኛ ረመዳንን ይዘናል፣ ክርስቲያኖቹ ሁዳዴን። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አቃቂ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጣራው። መጋቢት ነውና አቧራው አየር ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ከሩቅ ሲታይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ነቅቼ ልሂድ ተኝቼ ልሂድ እርግጠኛ አልነበርኩም። ስሜ ፈውዚያ ሙሀመድዘይን ነው፤ ኢንስፔክተር ነኝ። አባቴ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። «የጾመ ሰው ፍሬን ይዘገያል እንጂ ዓይኑ አይዘገይም» ይለኝ ነበር። ያን ሳምንት ዓይኔን ብቻ ይዤ ነው የሠራሁት።

ኃላፊው አቶ ጉዲሳ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ለሰው ሁሉ ፈገግ የሚል ሰው ነው።

«የአካባቢው ልጅ ነህ?» አልኩት፣ ጨዋታ ለመጀመር።

«እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግሁት። እትብቴ የተቀበረው ከወንዙ ማዶ ነው።»

ቢሮው ገብተን ተቀመጥን። ስንት ማኅደር እንዳላቸው ስጠይቀው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ።

«አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት። እዚህ አካባቢ ይዞታ ያለው ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።»

«ከአንድ ሰው በስተቀር።»

«ከአንድ ሰው በስተቀር» አለና ፊቱ ጠቆረ።

ያ አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። እማማ አደሴ ይባላሉ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለዋል። ቤታቸው ከማዕከሉ አጥር ጋር ይዋሰናል። ሃምሳ ዓመት ኖረውበታል። የወንዝ ዳር ይዞታዎች እየተጣሩ ስለሆነ፣ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ማኅደሩ ለአጣሪ ኮሚቴው ካልቀረበ ቦታቸው ባለቤት የሌለው ተብሎ ይመዘገባል። ባለቤት የሌለው ቦታ ደግሞ ወዲያው ባለቤት ያገኛል።

«የወረቀቱ ቅጂስ?» ስል ጠየቅሁ።

«የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ወንዙ ሞልቶ መዝገብ ቤቱ ገባ» አለ ጉዲሳ። «የተረፈውን አድርቀን ስካን አደረግን። የእሳቸው ወረቀት ከስካኑ በኋላ እጅ ላይ ፈረሰ።»

ወደ መዝገብ ሠራተኛዋ ወደ እምነት ወሰደኝና እንድትፈልግ አዘዛት። እምነት ሠላሳ ያልሞላት፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ ናት። የእማማን ስም ጻፈች፤ ከዚያ የማኅደሩን ቁጥር፣ አራት መቶ አሥራ ሰባትን። ሁለቱንም ጊዜ ሶፍትዌሩ «ምንም አልተገኘም» አላት።

ስወጣ እማማ አደሴ እጄን ያዙኝ።

«ጾመሻል፤ ከንፈርሽ ደርቋል።»

«አዎ እማማ።»

«ማኅደሬ አልሞተም። ትናንት በሕልሜ ሳር ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ አየሁት» አሉኝ። ፖሊስ ሕልም አይመዘግብም። እኔ ግን ያን ጊዜ የእሳቸው ሕልም ከእኔ ንቃት የተሻለ መስሎኝ ነበር።

*

ሶፍትዌሩን ያዋቀረው ያደታ የሚባል ልጅ ነው። እሱም የአቃቂ ልጅ ነው፤ መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርጋል። ማኅደር ለመሰረዝ የሁለት ሰው ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ ከተሰረዘም የመሰረዙ መዝገብ እንደሚቀር ነገረኝ።

«የተሰረዘ አለ?»

«አንድም የለም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

መነጽሩን እንደገና ጠረገ። የመጋቢት ሙቀት ለሁላችንም እኩል ነው፣ የሚያልበው ግን እሱን ብቻ ነበር። ስሙን በማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት።

ከሰዓት በኋላ ሳሪስ ወጥቼ ሀይረዲን የሚባለውን ደላላ አገኘሁት። ሰሞኑን የእማማን አጥር በሜትር ሲለካ መታየቱን ጎረቤት ነግሮኛል። ሱቅ በረንዳ ላይ ሙስበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ እየቆጠረ አገኘሁት፣ እንደ እኔው አፉ ደርቆ።

«መጋዘን የሚሠራ ነጋዴ አለኝ፤ የመንገድ ፊት ያለው ቦታ ይፈልጋል» አለ ሳይደብቅ። «መለካት ወንጀል ነው እንዴ?»

«እማማን አነጋገርሃቸው?»

«በዘመዳቸው በኩል። አልሸጥም አሉ፤ አለቀ። እኔ ከዚያ ወዲያ ደሴ ነበርኩ፣ ዘመድ ጥየቃ። ትናንት ነው የገባሁት።» የአውቶቡስ ትኬቱን ከኪሱ አወጣ። እውነቱን ነው፤ ማኅደሩ ጠፋ በተባለበት ሳምንት ደሴ ነበር።

«የትኛው ዘመዳቸው?»

«ኢንስፔክተር፣ ደላላ ስም ከጠራ ነገ ማን ያምነዋል?» አለና ወደ ሙስበሃው ተመለሰ። ልጎትተው እችል ነበር። ግን ፀሐይዋ፣ የመኪናው ጡሩምባና ረሃቡ ተደባልቀው ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ውሃ ይፈሱ ነበርና ነገ ብዬ ተውኩት። እማማ ልጅ እንደሌላቸው ሰምቻለሁ። ዘመድ እንዳላቸው ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

*

ሐሙስ ጠዋት ያደታን ሳያስበው ገባሁበት። ከኋላው ቆሜ ሳይ የእሱም ዝርዝር ግርጌ ቁጥር አለው፦ አሥራ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ።

ደሜ ሞቀ። አለቃው ዘንድ አራት መቶ ስድስት፣ እዚህ ሦስት መቶ ሰማንያ። በሩን ዘጋሁት።

«ያደታ፣ ሃያ ስድስት ማኅደር የት አደረስክ?»

ልጁ አመድ መሰለ። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ መልሶ አወለቀ።

«አልጠፉም። ዘመዶቼ ናቸው።»

«አስረዳኝ፤ በቀስታ።»

«ባለፈው ወር መመሪያ መጣ። ሠራተኛ የዘመዱን ማኅደር እንዳይነካ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ገጽ ገብቶ ዘመዶቹን በምስጢር ይሞላል። ሶፍትዌሩም እነዚያን ማኅደሮች በእሱ ላይ ይዘጋቸዋል። ልዩ ፈቃድ ነው የምንለው፤ ማን ምን እንደሚያይ ለየሰው ማስተካከል ነው። እኔ ነኝ ያዋቀርኩት።»

«ከተዘጋ ተዘግቷል አይልም?»

«እንዲያ ካለው ሰው ማኅደሩ መኖሩን ያውቅና ጓደኛውን ክፈትልኝ ብሎ መለመን ይጀምራል። ስለዚህ ጭራሽ እንዳይታይ አደረግሁት። የተከለከለ ሰው ቢፈልግ ምንም አልተገኘም ይለዋል።»

«አንተስ? ቁልፉ ያንተ አይደለም?»

«ለእኔም ያው ነው። የማላየውን ማኅደር ፈቃዱን መንካት አልችልም። አለበለዚያማ ምን ዋጋ አለው?»

«ሌሎቹ ሠራተኞች እንደሚሰወር ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ዘመዶቻችሁን ሙሉ ብቻ ነው የተባሉት። የሚያውቁት እኔና ያጸደቁት አቶ ጉዲሳ ነን።»

መስኮቱ ላይ አንዲት ዝንብ ታዛጋ ይመስል እግሯን ታሻሻለች። እኔም ላዛጋ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ቀስ እያለ ከሰመመኑ ውስጥ ብቅ አለ።

«ከሃያ ስድስቱ ውስጥ እማማ አደሴ አሉበት?»

«ሃያ አምስቱ የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው» አለ ያደታ።

«እሳቸውስ?»

«በጎርፉ ጊዜ መዛግብቱን ያደረቅነው የት ይመስልሻል? እሳቸው ግቢ ሳር ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው በላን፣ እዚያው አደርን። እኔ ወባ ይዞኝ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዘው ነው የተቀመጡት። ያ ቅጽ ሲመጣ እሳቸውን ካልጻፍኩ ክህደት መሰለኝ።» እንባው መጣ። «ማኅደሩን አለማየቴ አልገረመኝም፤ ሌላው ያየዋል ብዬ ነበር። እምነት የለም ስትለኝ ግን የእውነት ጠፋ አልኩ። የሐሰት ዝምድና መሙላት ያስቀጣል። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ወደ እምነት ሄድኩ። የእሷ ቁጥር አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ አንድ ይላል። አምስት ይጎድላል።

«አምስት ዘመድ ሞልተሻል?» አልኳት።

«ምስጢር ነው ተብሏል።»

«አውቃለሁ፤ በጣትሽ ቁጠሪልኝ።»

አክስቷን፣ የአክስቷን ባልና ሁለት የአክስቷን ልጆች ቆጠረች። አምስተኛዋ ጣት ላይ ስትደርስ እጇን ጨበጠች።

«እናቴ ደብረ ብርሃን ስትሞት መርዶ የተነገረኝ እዚህ ቢሮ ነው» አለች። «ለቅሶ የተቀመጥኩት እማማ አደሴ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ዘመድሽ ማነው ብባል ማንን ልጻፍ?»

የቀሩትንም ሦስት ሠራተኞች ለየብቻ ጠራሁ። አንዱ በቁጣ፣ አንዷ በሳቅ፣ አንዱ በለሆሳስ፤ ሦስቱም ያንኑ ነገሩኝ። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሁሉም ብቻዬን ነኝ ብሎ እያሰበ ያን ትንሽ ውሸት በፍቅር ጽፏል፤ አምስት ፍቅር ተደራርቦ የሴትዮዋን ቤት ከዓይን ሰወረው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። እነዚህ ዘመድ ሳይሆኑ ዘመድ ሆነው ጉድ ሠሩ። ስቄ መተው በወደድኩ።

ግን ሠራተኞቹ ስድስት ናቸው።

ያደታን የስካን ርክክቡን ሰነድ አስመጣሁት። አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት ማኅደር ይላል፣ አራት መቶ አሥራ ሰባትም ተቆጥሮ። ጉዲሳ ትናንት በኩራት ያሳየኝ ቁጥር ይኸው ነው። አንድም አይጎድለውም። ከወንዙ ማዶ እትብቱ የተቀበረ፣ አቃቂ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ በአሥራ ሁለት ሺህ ሰው መካከል አንድ ዘመድ አልሞላም። ያደታ እንኳ ሃያ አምስት አለው።

*

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እማማ አደሴ ግቢ ገባሁ። ከፋብሪካው የወጡ ሴቶች በአጥሩ ጥግ ሲያልፉ ድምፃቸው ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስላል። የባሕር ዛፎቹ ጥላ ረዝሞ ቤቱን አልፎ ወንዙ ውስጥ ገብቷል። እማማ ውሃ በጆግ፣ ቴምር በሳህን አቅርበው ይጠብቁኝ ነበር። እመጣለሁ አላልኳቸውም።

«እማማ፣ ጉዲሳ ምንዎ ነው?»

ጆጉን ወደ እኔ አስጠጉ።

«የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

«ቢሮ ውስጥ እንደ ባዳ ነው የሚያናግርዎ።»

«ሥራ ቦታ ልጄ አትበይኝ አለኝ። አለቃ ሆኗል፤ ምን ላድርገው? እሺ አልኩት።»

«ቤቱን እንዲሸጡ ለምኖዎታል?»

«ለምኖኛል።» በትራቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉ።

ልቤ ተቆጣ። ጾሙም አላበረደው። «እማማ፣ እሱ ማኅደሩን ያየዋል። ሌላው ሲታወር እሱ ብቻ ያየዋል።»

ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

«ገባች፤ አፍጥሪ ልጄ» አሉኝ። ቴምሩን ወሰድኩ፤ ጣዕሙ ግን አልታወቀኝም።

*

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ጉዲሳ ቢሮ ገባን። እኔ፣ እማማ አደሴ፣ ያደታና እምነት። ፈገግ ብሎ ለእማማ ወንበር ሳበ።

«ይቀመጡ እማማ።»

«አቶ ጉዲሳ፣ ማኅደር አራት መቶ አሥራ ሰባትን ፈልግልኝ» አልኩት።

«ፈልገን አልነበር?»

«በእምነት ኮምፒውተር ነው የፈለግነው። በአንተ አልፈለግንም።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ እንደ ባትሪ ቀስ እያለ ነው የደከመው። ሊከራከረኝ አፉን ከፈተ፣ ያደታን አየ፣ ዘጋው። ከዚያ ቁጥሩን ጻፈ።

ማኅደሩ ተከፈተ። በውሃ የተበላ ጠርዝ፣ የተደበዘዘ ማኅተም፣ ከላዩ ላይ የወጣት ሴት ፎቶ። እምነት አፏን በእጇ ያዘች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኼኛው በሦስት ቀን ጠራ።

ያደታ በማኅደሩ ጎን ያለውን የጎብኚዎች ዝርዝር አነበበልኝ። ማኅደሩ ከተሰወረ ወዲህ የከፈተው አንድ ሰው ነው፣ ሦስት ጊዜ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ጠዋት ለእኛ ሊደውል ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ሦስቱንም ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ ዘግቷል።

«እኔ አልደበቅሁትም» አለ ጉዲሳ። ድምፁ ወረደ። «ሰኞ ዕለት ሁሉም የለም ሲሉ ገባኝ። ፖሊስ መጥቶ አልተገኘም ብሎ ቢጽፍልኝ ነገሩ በራሱ ያልቅ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።»

«ዘመድ የለኝም ብለህስ?»

«ቅጹ ሲመጣ እሷን ብጽፍ ማኅደሯን አጣዋለሁ። ደላላው ስለ ይዞታው ቶሎ ቶሎ ይጠይቀኝ ስለነበር ማኅደሩን ማየት ነበረብኝ። አንዱን ትቼ ሌላውን ብሞላ ያስታውቅብኛል፤ ባዶውን ላክሁት።»

«ለምን?» አለች እምነት፤ መጠየቅ የእሷ ሥራ ባይሆንም።

ጉዲሳ ወደ አሮጊቷ ዞረ። አንቱታው ቀረ። «ሽጪው ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ? ነገ አንቺ ስትሞቺ የባልሽ ወንድሞች መጥተው ይካፈሉታል። እኔ ማነኝ? የእህት ልጅ ነኝ። ሀይረዲን ነጋዴው በመጋዘኑ ድርሻ ይሰጥሃል ብሎኝ ነበር። አንቺንም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አስገባሽ ነበር።»

«አምስተኛ ፎቅ?» አሉ እማማ አደሴ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ በበትራቸው ኮምፒውተሩን አመለከቱ። «ዓይኔ አያይም። አንብብልኝ።»

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን ገጽ። ዱሬሳ ያጻፈውን።» ዱሬሳ የሞቱት ባላቸው ናቸው።

ጉዲሳ ገጾቹን ገፋቸው። ዘጠነኛው ላይ ቆመ። ከዚህ በፊት እዚያ እንዳልደረሰ ከፊቱ ታየ። የድሮ ቀበሌ ጸሐፊ በሰማያዊ ቀለም የጻፈው ነው፤ ከግርጌው የዱሬሳ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«እኔ ዱሬሳ፣ በዚህ ይዞታ የምንኖረው እኔ፣ ባለቤቴ አደሴ...» ቆመ።

«ቀጥል።»

«...እና አንድ ልጃችን ጉዲሳ ነን። ሌላ ልጅ የለንም። ከእኛ በኋላ ቤቱና ቦታው የልጃችን የጉዲሳ ነው። ወንድሞቼም ተስማምተው ፈርመዋል።»

የመጨረሻዎቹን ቃላት እሱ ያንብባቸው እኔ በዓይኔ ልጨርሳቸው አላውቅም። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። የተተኮሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለሌባ ማዘን አልወድም፤ በሥራዬም አይመከርም። ያን ጊዜ ግን አዘንኩለት፤ ስላዘንኩለትም ተናደድኩ።

ያደታ ዘጠኙንም ገጽ አተመ። እምነት ማኅተም አሳርፋበት ባጃጅ ይዛ ወደ ኮሚቴው በረረች። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ደወለች፤ ተመዝግቧል፣ የእማማ ቤት የእማማ ነው።

እኔ ግን ገና ሥራ ነበረኝ። የእማማን ቃል መቀበያ ቅጽ አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ጻፍኩ። ጉዲሳ ከፊታችን እንደተደፋ ነው። ቀጣዩን መስመር አነበብኩላቸው።

«ከተጠርጣሪው ጋር ያለዎት ዝምድና?»

እማማ አደሴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ያን ያህል የማልሰማ መሆኔ የገረማቸው መሰሉ።

«አሁን አነበበልሽ አይደል?»